ሻወር ቤቱን ሳጥብ አይኔን ለምን ያቃጥለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ከጅማ ሄርማታ ነው የምጽፍላችሁ። ያለነው ኪራይ ቤት ነው፣ ሻወሩ መስኮት የለውም፣ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ደግሞ የሴራሚኩ መጋጠሚያ ሻጋታ ይዞት ጠቁሯል። ጎረቤቴ በረኪናና አቼቶ ቀላቅዪበት አለችኝ፣ እኔ ሎሚም ጨመርኩና ሳጥብ አይኔን አቃጠለኝ፣ ሳል በሳል ሆንኩ፣ ግን ጠንካራ ስለሆነ ነው ብዬ ቻልኩት። ልቀጥል? ኪችኑንስ በምን ላጽዳው?

መልስ፦ እህቴ እንዳትቀጥዪ! ያቃጠለሽ ክሎሪን ጋዝ ነው። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከየትኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ ይሄ ጋዝ ይወጣል፣ መስኮት በሌለው ሻወር ደግሞ መሄጃ ስለሌለው የምትተነፍሺው አንቺ ነሽ። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። እንደዛ ከሆነብሽ ቶሎ ወጥተሽ ንጹህ አየር ውሰጂ፣ ሳሉ ወይ ትንፋሽ ማጠሩ ካልተወሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

በረኪናውን ለብቻው ተጠቀሚ። መጀመሪያ በላርጎ ወይ በኦሞ ፈትገሽ በደንብ አለቅልቂው፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን ቆሻሻው ላይ ጨርሶ ጀርሙን ይተወዋል። ከዛ ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ከሆነ በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨምረሽ ቀቢውና 10 ደቂቃ ተዪው፣ ወዲያው መጥረግ ትርፉ ድካም ነው። ጓንት አድርጊ፣ በሩን ክፈቺ። የተበጠበጠው ለነገ አይቀመጥም፣ ይደክማል። ሻጋታው ግን እርጥበቱ እስካለ ይመለሳል፣ ስለዚህ ከታጠባችሁ በኋላ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በሩን ክፍት መተው ነው ያለው።

ኪችን ላይም ያው ነው፣ ጥሬ ሥጋ የነካውን መክተፊያና ጠረጴዛ መጀመሪያ በሳሙና ከዛ በዚሁ በረኪና፣ በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ። አቼቶና ሎሚ ሁሉን ጀርም ይገድላሉ የሚባለውን አትመኚ፣ ጥሩ የሚሠሩት ቧንቧው ጫፍና ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ላይ ነው፣ ጨርቅ በአቼቶ ነክረሽ ግማሽ ሰዓት ጠቅልዪው፣ እብነበረድ ላይ ግን አይደረግም ይበላዋል። የቡና ሲኒና ሲንኩ ላይ የያዘውን ቡናማ ነገር እርጥብ ስፖንጅ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ እሺው (ሶዳ ነው ያልኩት፣ ቤኪንግ ፓውደር ስታርች ስላለበት አይሆንም)። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ሲደፉ ያ ሁሉ አረፋ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀረው ውሃና ትንሽ ጨው ነው፣ ለየብቻ ይሻላሉ።

ደግሞ በረኪናውን ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ገልብጠሽ እንዳታስቀምጪ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።