ሬዲዮው ማስተላለፍ ሲጀምር ከላፕቶፑ የሚጠፋው ሞደም

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። ጅቡቲ ውስጥ በአንዲት ጀልባ ላይ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ለዓመት ፈቃድ ሲመጣ የጀልባዋን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ በባሕር ላይ ኢሜይል የሚልኩበትን የፓክተር ሞደምና ላፕቶፑን እንድመለከትለት ይዞልኝ መጣ። እንደሚለው ከሆነ መቀበሉ ደህና ነው፤ ሬዲዮው ማስተላለፍ በጀመረ ቅጽበት ግን ሞደሙ ከላፕቶፑ ላይ ይጠፋል፣ ገመዱን ነቅለው እስኪሰኩትም አይመለስም። ሞደሙ ተበላሽቷል ማለት ነው? እዚሁ ሆኜስ ልሞክረው እችላለሁ?

መልስ፦ ሞደሙን ከመክፈትዎ በፊት የዩኤስቢ ገመዱን ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለው ሬዲዮ እስከ 150 ዋት ድረስ ስለሚያስተላልፍ፣ በአጠገቡ የተዘረጋ ማንኛውም ገመድ ሳይታሰብ እንደ አንቴና ሆኖ ከዚያ ኃይል ጥቂቱን ይቀበላል፤ ላፕቶፑም በዩኤስቢው መስመር ላይ የገባውን ረብሻ ሊለየው ስለማይችል ግንኙነቱን ያቋርጣል። በሚቀበልበት ጊዜ ችግሩ የማይታየውም ስለዚህ ነው።

በጠረጴዛዎ ላይ መሞከር ይችላሉ፤ ነገር ግን ያለ ፈቃድ በአንቴና ማስተላለፍ ክልክል ስለሆነ በአንቴናው ምትክ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥ የ50 ኦም ጭነት ይጠቀሙ። ጭነቱን ራስዎ የሚሠሩ ከሆነ በሽቦ የተጠመጠመ ሬዚስተር ወይም የምድጃ ሽቦ አይሆንም፤ ጥምጥሙ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደ ኮይል ይሠራልና። ሬዲዮው በሙሉ ኃይል ሲያስተላልፍ እስከ 30 አምፔር ሊስብ ስለሚችልም ትንሽ አዳፕተር አያዋጣም፣ የመኪና ባትሪ ያስፈልግዎታል። በጭነቱ ላይ ሞደሙ ሳይጠፋ ከሠራ ጥፋቱ ያለው ጀልባዋ ላይ፣ በአንቴናውና በምድር መስመሩ አካባቢ ነው። እዚህም ከጠፋ ግን መጀመሪያ ሲያስተላልፍ የባትሪው ቮልቴጅ ምን ያህል እንደሚወርድ ይለኩ፣ ከዚያም በሬዲዮውና በሞደሙ መካከል ያሉትን የድምፅ መግቢያ፣ የድምፅ መውጫ፣ የማስተላለፊያ ማዘዣና የምድር መስመሮች አንድ በአንድ ይፈትሹ።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። በአሮጌ ሞኒተር ገመድ ጫፍ ላይ የምናየው ጉብታ ውስጡ ፌራይት፣ ማለትም በገመድ ላይ የሚገባን የሬዲዮ ረብሻ የሚያፍን ማግኔታዊ ቁስ ነው፤ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ተመሳሳይ ፌራይት ፈልገው የዩኤስቢውን ገመድ በሁለቱም ጫፍ አምስት ስድስት ጊዜ ያሳልፉበት። አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ በአጭር ሞገድ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው ፌራይት ሞክሬ አልሠራም የሚለውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ገመዱ አጭር ይሁን፣ ከአንቴናው ማስተካከያ ሣጥንም ይራቅ። የሣጥኑ የምድር መስመር ደግሞ በቀጭን ሽቦ ሳይሆን በሰፊ የመዳብ ቅጠል ይሠራ።

ለአጎትዎ ልጅ አንድ ነገር ይንገሩት፤ ሞደሙ ብሉቱዝ ካለው ዩኤስቢውን ጨርሶ ትቶ በዚያ ቢያገናኘው ረብሻው የሚገባበት ገመድ ራሱ አይኖርም።