ደረጃው ለምን በሰያፍ ተሰነጠቀ?

«ጋሼ፣ ከጉጂ በኩል የመጣ ባለ መስመር ግራናይት ብሎክ ገዝቼ ለደረጃ መርገጫ ባለ 3 ሳንቲ አድርጌ ቆረጥኩት። መስመሩን ከጠርዙ ጋር አስተካክዬ ነው የቆረጥኩት። ከአሥሩ አራቱ ግን በሰያፍ ተሰነጠቁብኝ። ማሽኑ ነው ወይስ ድንጋዩ?» ይላል እዚሁ ሐዋሳ የሚሠራ አንድ ልጅ።

ማሽኑን ተወው። ዲስኩ ካልተበላና ውሃው ካልተቋረጠ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ የድንጋዩን አንድ ፊት ብቻ አይተህ ማስመርህ ነው።

ገበያ ላይ ግራናይት ይባል እንጂ የገለጽከው ናይስ የሚባል ድንጋይ ነው። የግራናይት ቅንጣቶች እንደ ቆሎ የተበተኑ ናቸው፣ አቅጣጫ የላቸውም። ናይስ ግን ተጨፍልቋል፣ ተስቧልም። እዚያው ጉጂ ያለው የአዶላ አካባቢ ድንጋይ ይህን ቅርጽ የያዘው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደኋላ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጎንድዋና የሚባሉት የጥንት አህጉራት በመሀላቸው የነበረውን ውቅያኖስ ዘግተው ሲጋጩ ነው። ግጭቱ ደግሞ ፊት ለፊት ብቻ አልነበረም፣ በሰያፍ ነበር። ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ባጃጅ ሲተሻሹ አይተህ የለ? እየተገፋፉ ይተላለፋሉ። እንደዚያ በለው፣ ፍጥነቱን ግን በዓመት በሚሊ ሜትር አድርገው። ዛሬም ኒውዚላንድ ላይ አልፓይን የሚባለው ስንጥቅ በዓመት 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ጎን እየተንሸራተተ፣ በዚያው ተራሮቹን ወደ ላይ ይገፋል።

አሁን ትንሽ የዳቦ ቡኮ በሁለት መዳፍህ መሀል ያዝ። ዝም ብለህ ብትጫነው ቂጣ ይሆናል። እየተጫንክ አንዱን እጅህን ወደፊት ብታንሸራትት ግን ይሳሳልም፣ ይረዝማልም። የሳሳበት ገጽ አንድ ነገር ነው፣ የረዘመበት አቅጣጫ ሌላ። ናይስህም የሚላጥበት ንጣፍ አለው፣ በንጣፉ ላይ ደግሞ የተሳበበት መስመር አለው። በሰያፍ ግጭት ውስጥ ያለፈ ድንጋይ ችግሩ ይሄ ነው፦ ንጣፉ ብዙ ጊዜ ቆሞ ይገኛል፣ መስመሩ ግን አንድ ቦታ አግድም ተኝቶ፣ አለፍ ሲል ወደ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። ስለዚህ «ባለፈው ብሎክ እንዲህ ነበር» አይሠራም።

ብሎኩን በውሃ አርጥበህ ሦስት ፊቱን እይ። በአንድ ፊት የምታየው መስመር እንደ ተዘጋ ደብተር ጠርዝ ነው፣ ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ አይነግርህም። ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ከጎን ስታየው በ40 ዲግሪ ዘሞ ሊገባ ይችላል። ያንተም ይኸው ነው የሆነው መሰለኝ። የሁለቱን ፊት መስመሮች በጠመኔ አገናኝና ንጣፉን ያዝ። ፌልድስፓር ከሚባለው ማዕድን የሆኑ ነጫጭ ዓይኖች ካሉት ደግሞ ዕድለኛ ነህ። ዙሪያው ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ እንደ ሊጥ መሳብ ይጀምራል፣ ፌልድስፓር ግን እስከ 450 ገደማ ግግም ይላል። ዙሪያው ሲሳብ እሱ ጭራ አውጥቶ ይቀራል፣ ቁርጥ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚሸጠውን ቆሮሶ ዓሣ መስሎ። ጭራው ጎልቶ የረዘመበት ፊት የተሳበበትን አቅጣጫ ያሳይሃል።

መርገጫውን እንግዲህ ገጹ በንጣፉ ላይ እንዲተኛ፣ ርዝመቱ ከተሳበበት ጋር እንዲሄድ አድርገህ ቁረጥ። ሰው ሲቆምበት ድንጋዩ የሚወጠረው ከሥሩ ነው፣ ንጣፉ በሰያፍ ካቋረጠው እዚያው ላይ ይለያያል። ሚካ የሚባለው የሚያብለጨልጭ ማዕድን ድርብ ሠርቶ ካየህ ግን ወደ ፊተኛው ጠርዝ አታምጣው፣ በጫማ ብዛት ይላጣል። ስትገጥመውም ሥሩን በደንብ ሙላው፣ ክፍተት አትተው።

እኔም በልጅነቴ ሰባት መርገጫ ሰብሬ ዲስክ ቀይሬያለሁ፣ አዲሱም ስምንተኛውን ሰበረልኝ። የለመድኩት የሐዋሳ ዙሪያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበራ፣ እሱ በየትም ብትቆርጠው ብዙም አይቀየምም።

ለቀሩት ስድስቱ፣ ከመግጠምህ በፊት ሁለቱን ጫፍ እንጨት ላይ አስደግፈህ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለህ ምታ። እንደ ደወል የጮኸውን ግጠም፣ የታፈነ ድምፅ ያለውን ለይ። የተሰነጠቁትን አራቱን አትጣል፣ ስንጥቁን ተከትለህ ብትቆርጣቸው ዞኮሎ፣ ማለትም ግድግዳ ሥር የሚለጠፍ ጠባብ ድንጋይ፣ ይወጣቸዋል።