ኩሬው ውሃ እያለው እንቁራሪቶቹ ለምን ጠፉ?

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የተወለድኩት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ ነው። በልጅነታችን ሰኔ ግም ብሎ ሜዳው ውሃ መያዝ ሲጀምር የእንቁራሪቱ ጩኸት እንቅልፍ ይነሣን ነበር። ባለፈው ክረምት ለዘመድ ተዝካር ሄጄ ሦስት ሌሊት ባድርም የሰማሁት አልፎ አልፎ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው። ከቤታችን በታች ያለው ኩሬ ግን አልደረቀም፤ እንዲያውም ተቆፍሮ ጠልቋል። የአገሬው ሰው «ሩዙ ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው የጨረሳቸው» ይላል። እውነት ነውን?
(አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መድኃኒቱ ድርሻ አለው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ኩሬው «ተቆፍሮ ጠልቋል» ያሉት ነው። በጋ ከክረምት የማይነጥፍ ጥልቅ ውሃ ለሰውና ለከብት በረከት ነው፤ በክረምት ውሃ ለሚዋለዱ እንቁራሪቶች ግን ብዙ ጊዜ ወጥመድ ይሆናል።

ምክንያቱ ዓሣ ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ እንደ ተልባ ውሃ በሚያሟልጭ ዝልግልግ ነገር ተሸፍኖ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ወይም ከሣር ጋር የሚጣበቅ ነው። ከእርሱ የሚፈለፈለው ጅራታም ግልገል በስንጥቡ እየተነፈሰ፣ ድንጋይና ቅጠል ላይ የበቀለውን አልጌ እየጋጠ ያድጋል፤ ቀረሶ ወይም አምባዛ የገባበት ኩሬ ውስጥ ከሆነ ግን ከመበላት በስተቀር ሌላ ዕድል የለውም። ስለዚህ ብዙ ዝርያዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በክረምት ሞልቶ በበጋ በሚደርቅ፣ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ነው። የሚደርቅ ውሃ ዓሣ አያኖርም፤ ጥልቀት ስለሌለውም ፀሐይ ቶሎ ታሞቀዋለች፣ አልጌውም ቶሎ ይበቅላል።

ይህ ምርጫ ግን ከጊዜ ጋር መሽቀዳደምን ያስከትላል። ግልገሉ እግር እስኪያወጣ፣ ጅራቱ እስኪጠፋ፣ አተነፋፈሱም ከስንጥብ ወደ ሳምባ እስኪለወጥ ድረስ፣ እንደ ዝርያውና እንደ ውሃው ሙቀት ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይፈጅበታል። ውሃው ከዚያ ቀድሞ ከሸሸ የዓመቱ ትውልድ በሙሉ ጭቃ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ለእንቁራሪት ወሳኙ ጥያቄ «ውሃ አለ ወይ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ውሃው መቼ መጥቶ መቼ ይሄዳል?» የሚለው ጭምር ነው። በእርስዎ አገር የተለወጠውም በዋነኝነት ይኸው ነው። በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ያሉት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች በቦይ እየተጠነፈፉ፣ ውሃቸውም ለመስኖ እየተሳበ ወደ እርሻ በመለወጣቸው እጅግ ጠበዋል። ከዝናቡ በኋላ ቀስ ብሎ ይሸሽ የነበረው ስስ ውሃ ቀድሞ ሲወሰድ በአንድ ወገን ደረቅ ማሳ፣ በሌላው ወገን ጥልቅ ኩሬ ይቀራል፤ እንቁራሪቶቹ የሚፈልጉት ግን በሁለቱ መካከል የነበረውን ነው።

ሩዝን በጅምላ መኮነን ግን ተገቢ አይመስለኝም። ስስ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ፣ ውሃው ሳይቋረጥ ከቆየና መድኃኒት ካልበዛበት፣ ራሱ መልካም የእንቁራሪት ማሳደጊያ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው የመድኃኒቱ ነገር የሚመጣው። እንቁራሪት ውሃን በአፏ አትጠጣም፤ በሆዷና በጭኗ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ትመጥጣለች፣ ከምትተነፍሰው አየርም ከፊሉ የሚገባው በዚያው በቆዳዋ በኩል ነው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የገባው መርዝ እርሷም ውስጥ ይገባል። አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፀረ ተባይ ቢሆንም ፀረ አረሙም ንጹሕ አይደለም። ለምሳሌ በአንዳንድ የግላይፎሴት ውህዶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ግልገሎቹን በዋነኝነት የሚጎዳው ግላይፎሴቱ ራሱ ሳይሆን ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ተብሎ የሚቀላቀልበት ሳሙና መሰል ኬሚካል ነው፤ ስንጥባቸውን ያበላሸዋል። የመርጫ ዕቃን ኩሬ ውስጥ ማጠብ የቱን ያህል ጥፋት እንደሆነ ከዚህ ይገመታል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር የኩሬው ዳርቻ ነው። ያደገች እንቁራሪት የዓመቱን ብዙውን ክፍል ልታሳልፍ የምትችለው ከውሃ ውጭ ነው፦ ሣር ሥር፣ ዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ፣ ወይም አፈር ቆፍራ። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የተባለችው የደጋ እንቁራሪት ከዛፍ ወጪ እንቁራሪቶች ወገን ብትመደብም እርሷ ራሷ ዛፍ አትወጣም፤ መኖሪያዋ የሣር ሜዳ አፈር ውስጥ ነው። ሜዳው እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ ከታረሰ ኩሬው ብቻውን አያድናትም። ለዘመዶችዎ አንድ ነገር መንገር ቢችሉ፣ ከጥልቁ ኩሬ አጠገብ ክረምት ብቻ ውሃ የሚይዝ፣ ዓሣ የማይገባበት ስስ ጉድጓድ እንዲተዉና በዙሪያው ያለውን ፊላና ሣር ጥቂት ርምጃ ያህል ሳያርሱ እንዲያልፉት ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ አርባ ምንጭ አካባቢ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር በግቢያችን ለእንቁራሪት የሚሆን ኩሬ ለመቆፈር አስበን ነበር፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን «ወባ ታመጡብናላችሁ» ብለው ተቃወሙን። እኔ እንቁራሪት ትንኝ ትበላለች ብዬ ተከራከርኩ። ማን ነው ትክክል?
(አንድ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ባልደረቦችዎ ከእርስዎ ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባሉ። በአገራችን ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትራባው በትንንሽ፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው፣ ለጊዜው በተጠራቀሙ ውሃዎች ውስጥ ነው፤ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ቦታ እንኳ ይበቃታል። ከላይ ለእንቁራሪት ተስማሚ ነው ካልኩት ውሃ ጋር የቱን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ይበሉ። ያደጉ እንቁራሪቶች ትንኝ መብላታቸው፣ የአንዳንድ ዝርያ ግልገሎችም የትንኝ እጭ መብላታቸው ወይም ከእጩ ጋር በምግብ መሻማታቸው እውነት ነው፤ ይህን ግን የአጎበርን ቦታ የሚተካ መከላከያ አድርጎ ማቅረብ ልጆቹን ማሳሳት ይሆናል።

ሆኖም ክርክርዎ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። በኮስታ ሪካና በፓናማ ፈንገስ ወለድ በሽታ እንቁራሪቶችን ከጨረሰ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወባ ሕመምተኛ ቁጥር ከፍ ማለቱን፣ ጭማሪውም በከፋው ወቅት ከሺህ ሰው ወደ አንድ የሚጠጋ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ይህ የሚያስተምረው ግን ያለውን ረግረግ ከነነዋሪዎቹ መጠበቅን እንጂ ከመማሪያ ክፍል መስኮት ሥር አዲስ ውሃ ማቆርን አይደለም። አዲስ ከመቆፈር ይልቅ ተማሪዎችዎን ይዘው ከግቢው ራቅ ብሎ ወዳለ ነባር ረግረግ ቢወርዱ ይሻላል፤ የውሃ ጥንዚዛውና የተርብ ዝንብ እጩ የትንኝን እጭ ሲያድን በዓይናቸው ያያሉ።

በግቢያችሁ በፕላስቲክ የተነጠፈ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ካለ ግን አንድ ሥራ አለላችሁ። የፕላስቲኩ ግድግዳ ስለሚያዳልጥ የገባች እንቁራሪት መውጣት አቅቷት ስትዋኝ ውላ ደክማ ትሞታለች። ሻካራ ገመድ ወይም በከረጢት የተጠቀለለ እንጨት ከአፋፉ ወደ ውሃው ማጋደም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጉርጥ የነካ ሰው ኪንታሮት ያወጣል ይባላል። ልጄ እያነሣ ይጫወትባታል፤ ልከልክለው?
(አንዲት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ቫይረስ ነው፤ የጉርጧ ቆዳ መጎርበጥ ከእርሱ ጋር ግንኙነት የለውም። ነገር ግን ከዓይኗ ጀርባ ካሉት ዕጢዎች ወተት መሰል መርዝ ስለምታመነጭ ዓይንና አፍ እንዳይነካ እጁን ይታጠብ። ለእርሷም ሲባል ቢተዋት መልካም ነው፤ እጅ ላይ ያለ ቅባትና ሳሙና በዚያ ስስ ቆዳ በኩል ይገባባታል።

ጥያቄ፦ በባሌ ተራሮች የሚገኙ እንቁራሪቶች ሊጠፉ ነው ሲባል ሰማሁ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እየኖሩ እንዴት ይሆናል?
(አንድ ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሰማኸው እውነት ነው። ኦስጉድ የተባለ ሰው ስም የተሰጣት አልቲፍሪኖይደስ ኦስጉዲ የተባለች ጉርጥ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1991 በሳይንስ የተመዘገቡት ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ እና ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ የተባሉት እንቁራሪቶች ደግሞ በሐረና ደን ጥቂት ሥፍራዎች ብቻ የሚታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም ለየወገናቸው ብቸኛ ዝርያ በመሆናቸው እነርሱ ከጠፉ ወገኑ በሙሉ ይጠፋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም በደኑ ውስጥ ሰፈራ፣ እሳትና የምንጭ ዳር ልቅ ግጦሽ አልቆመም፤ የመኖሪያቸው ስፋት ትንሽ ስለሆነም አንድ ጅረት መረገጡ ብቻ ብዙ ያጎድላል። እንቁራሪትን በቆዳዋ በኩል የሚያጠቃው ባትራኮካይትሪየም የተባለው ፈንገስም በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ተገኝቷል። ይህ ፈንገስ በውሃና በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል፤ ድርቀትን ግን አይችልም። ስለዚህ ከአንድ ረግረግ ወደ ሌላው የምትሄድ ከሆነ ጫማህን አጥበህ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀህ ተሻገር።