ቅጠሉ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ማዳበሪያ አትጨምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። በአንቺ አይደለም፤ ከሥር በተሰጡሽ መልሶች ነው። ቤት ውስጥ በመብራት የምታሳድጊያቸው የቲማቲምና የቃሪያ ችግኞች የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ፣ ዳርዳሩ እየደረቀ ወደ ታች እየተቆለመመ ነው። ማታ ማታ ውሃ ታጠጫለሽ። መብራቱ ሌሊትም አይጠፋም። «ምን ማዳበሪያ ልጨምርላቸው?» ብለሻል። አንዱ ዩሪያ ይልሻል፣ ሌላዋ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሌላው ኤፕሰም ጨው (ማግኒዚየም ያለበት ጨው)። አንድም ሰው «ሥሩን አይተሽዋል ወይ?» ብሎ አልጠየቀሽም።

የኔ መልስ፦ ምንም አትጨምሪ። ቢያንስ ለአሁን። ግን እንዲህ አጭር ሲሆን እዚህ ግሩፕ ላይ ማንም ስለማያምን ልዘርዝረው።

1. መጀመሪያ ኩባያውን አንሺው። ቅጠል ከማየትሽ በፊት ማለቴ ነው። አንዱን ኩባያ አፈሩ እስኪደርቅ ተዪውና ክብደቱን በእጅሽ ልመጂው። ከዚያ የታመሙትን አንሺ። ከባድ ከሆኑ ችግርሽ ውሃ ነው። የጠወለገ ችግኝ ሁሉ ጠምቶታል ማለት አይደለም። ውሃ የበዛበትም ልክ እንደዚያው ነው ጭንቅላቱን የሚደፋው። ልዩነቱ፣ የጠማው ቅጠል ስስና ልፍስፍስ ይላል፤ ውሃ የጠገበው ግን ወፈር ብሎ፣ ጠንከር ብሎ ነው ወደ ታች የሚንጠለጠለው። የአፈሩን ላይ በጣት ነክቶ «ደርቋል» ማለት ደግሞ አያዋጣም። ላዩ ደርቆ ታቹ ጭቃ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለይ ኩባያው ሥር ቀዳዳ ከሌለው።

ብዙ ውሃ ለምን ቢጫ እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ኦክስጅን ያጣል፤ ሥራውንም ያቆማል። ናይትሮጅኑ እዚያው አፈሩ ውስጥ ተቀምጦ ቅጠሉ ናይትሮጅን ያጣ ይመስላል። ምግቡ አለ፤ አፉ ነው የተዘጋው። አፉ ለተዘጋ ምግብ መጨመር ምን ይፈይዳል?

2. ቢጫው ከየት እንደጀመረ እዪ። ከታች ነው ከላይ? ይቺን የምትለይ ሴት ግማሹን መንገድ ሄዳለች። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ የታችኛው ቅጠል ነው የሚጎዳው። ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ከተቀመጡበት አይነቃነቁም። ሲጠፉ የሚጮኸው አዲሱ፣ የላይኛው ቅጠል ነው። የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ፣ እኩል ገርጥቶ ከሆነ ናይትሮጅን ጠርጥሪ። ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃል መሃሉ ብቻ ከገረጣ ማግኒዚየም። ዳርዳሩ ከተቃጠለ ፖታሲየም፣ ወይም ደግሞ የማዳበሪያ ጨው መብዛት። አየሽ? አንድ ዓይነት ምልክት ለማነስም ለመብዛትም ይሆናል። የኔን ሰውዬ ያሳተው ይህ ነው። ሳተ ስል ራሱ አክብሬው ነው፤ ያላየ ሰው አይስትም።

ሰውዬው ማን መሰለሽ፣ ማዳበሪያ የሚሸጥ፣ ምክርም አብሮ የሚሰጥ ሰው ነው። የኔም ችግኞች እንዳንቺው ቢጫ ሲሉ በጣም የባሰባቸውን በትሪ ይዤ ሄድኩ። ተሸክሜ! ስልክ እያወራ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አንዴ ቀና ብሎ አየና «ናይትሮጅን ነው ያነሰው» አለ። ቅጠሉን አልነካም። ገልብጦ አላየም። «ሥሩን አያዩልኝም?» ስለው «ሴትዮ፣ ባለሙያው ማን ነው? እኔ ነኝ አንቺ?» አለኝ። ሰው ፊት። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ።

ማዳበሪያውን ገዛሁ። ቤት ስደርስ ግን ሆዴ አልቆረጠም። ትሪውን ለሁለት ከፈልኩት። ለግማሹ እሱ ባለው ልክ በጥብጬ ሰጠሁ። ግማሹን ምንም ሳልሰጥ ውሃ ብቻ ከለከልኩት። እንኳንም ከፈልኩት!

ማዳበሪያ የጠጡት መጀመሪያ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኑ። «ይኸው፣ ሰውዬው ልክ ነበር» ብለው የሳቁብኝ የቤት ሰዎች ነበሩ። ቀጥሎ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ከጫፍ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል እየበላው ሄደ። አፈሩ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ወጣ። አንዱን ከኩባያው ገልብጬ አወጣሁት። ጤነኛ የችግኝ ሥር ነጭ ነው፤ ጥቃቅን ፀጉር አለው። ይኼኛው ቡናማ ሆኖ ያሙለጨልጫል። በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ስስበው የላይኛው ቆዳ ሙልጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ከውስጥ ክር የምታክል ቀጭን ነገር ብቻ ተረፈች። ሽታውን አልነግርሽም። ይህ የበሰበሰ ሥር ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ ፒትየም የሚባለው እርጥበት ወዳድ ተሐዋሲ አለ።

ውሃ የተከለከሉትስ? የገረጡት የታች ቅጠሎች ገርጥተው ረገፉ። ከላይ ግን አዲስ ቅጠል ጥርት ብሎ ወጣ። በኋላም ፍሬ የያዙት እነሱ ናቸው። ሁለቱንም ይዤ ሰውዬው ዘንድ ተመለስኩ። ወረፋውም ስለነበር ደስ አለኝ። አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ውሃ አብዝተሽ ነዋ!» አይ አንተ! መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትለኝ ማን ከለከለህ? ማዳበሪያው ግን ተሸጧል።

በነገራችን ላይ ዩሪያ ላሉሽ ሰዎች፦ ዩሪያ አፈር ውስጥ መጀመሪያ ወደ አሞኒየም ነው የሚለወጠው። ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አፈሩ ቀዝቃዛና ረግረግ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ይዘገያሉ፤ አሞኒየሙ ይከማችና ሥሩን ይመርዘዋል። ለትልቅ ማሳ የሚሆን ነገር ለአንድ ኩባያ ችግኝ አይሆንም።

3 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። መብራትሽ። ይቺ የአንቺ ጉዳይ ላይ ከባድ ናት። ቲማቲም ጨለማ ይፈልጋል። 24 ሰዓት ሙሉ መብራት ከበራበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይደርቃል። ብዙ ተክል ይህን ይችላል፤ ቲማቲም ግን አይችልም። ቃሪያ ከእሱ ይሻላል። ስለዚህ እስቲ አስተያያቸው። ቲማቲሞችሽ ከቃሪያዎቹ ይበልጥ ተጎድተው ከሆነ መብራቱም እጁ አለበት ማለት ነው። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይበቃል። ታይመር ካለሽ ግጠሚለት፤ ከሌለሽ ልትተኚ ስትይ አጥፊ። «ብዙ ብርሃን ብዙ እድገት» የሚሉሽን አትስሚ።

ርቀቱም አለ። መብራቱ በጣም ከቀረበ ችግሩ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ለመብራቱ የቀረበው ቅጠል ይነጣል፣ ዳሩ ወደ ላይ ይታጠፋል። የታቹ ግን ደህና ይሆናል። በጣም ከራቀ ደግሞ ግንዱ ቀጥኖ ይመዘዛል። «እጅሽን መብራቱ ሥር ዘርጊ፣ ካላቃጠለሽ ደህና ነው» የሚለው ምክር ለኤልኢዲ አይሠራም። እጅሽ የሚለካው ሙቀቱን እንጂ የብርሃኑን ጉልበት አይደለም።

4. ቅጠሉን ገልብጪው። ነፍሳት የሚደበቁት ከሥር ነው። ላዩ ላይ በመርፌ የተወጋጋ የመሰሉ ደቃቅ ነጭ ነጠብጣቦች ካየሽ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዘሽ ቅጠሉን መታ መታ አድርጊው። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ከወደቀ ቀይ ሸረሪት ወይም ትሪፕስ የሚባል ደቃቅ ነፍሳት ነው። ደቃቅ ድር ካለ ሸረሪቷ ናት። አፈሩ ላይ ብር ብር የሚሉ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ካሉ ግን እንደገና ወደ ውሃው ተመለሽ፤ እጫቸው የሚኖረው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፣ የችግኙንም ሥር ይበላል። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ዝንቡን ይይዝልሻል። አፈሩ ካልደረቀ ግን አያልቁም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። መጀመሪያ ከዘሩ ጋር የወጡት ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች ቢገረጡ አትደንግጪ። እውነተኛ ቅጠሎች ከበዙ በኋላ ሥራቸው አልቋል፤ ይረግፋሉ። የቅጠሉ ጀርባ ሐምራዊ ከሆነ ፎስፈረስ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ፎስፈረሱ ጠፍቶ ሳይሆን አፈሩ ቀዝቅዞ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሥሩ ፎስፈረስ ለመሳብ ይቸገራል። ከቀዝቃዛ ወለል ላይ አንሺውና ከሥሩ እንጨት ወይም ካርቶን አድርጊለት። ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቀጥኖ፣ ታንቆ የወደቀ ችግኝ ካለ እሱ አይድንም። ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣይው፣ ለሌላ እንዳይተርፍ።

አዲሶቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ከሆነ ውሃሽን ጠርጥሪ። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፤ ከፍ ሲል አሲዱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርገዋል። ያኔ ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ አያገኘውም። ለችግኝ አፈር ፒኤቹ ከ5.8 እስከ 6.5 ባለው መካከል ደህና ነው። መለኪያ ወረቀት ብዙ አያስወጣም፤ በጭፍን ብረት ከመግዛት ይሻላል።

ቅጠሉ ላይ ደግሞ ጠቆርና ፈካ ያለ አረንጓዴ ተዘበራርቆ፣ ቅርጹም ተጣሞ ካየሽ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ያንን ችግኝ አስወግጂ። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ሳይታጠብ ችግኞቹን እንዳይነካ። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል፤ ቲማቲምንም ቃሪያንም ይይዛል። እኔ ይህን ስናገር ቤት ውስጥ ስንት ኩርፊያ እንደተነሳ ብታውቂ!

እንግዲህ አንቺ ዛሬ የምታደርጊው ይህን ነው። ውሃውን አቁሚ። ኩባያው ቀለል እስኪልሽ ድረስ ጠብታ አታፍሺበት። ቀዳዳ ከሌለው ከሥሩ ብሺው፤ ሰሃን ላይ የተጠራቀመውን ውሃም ድፊ። አየሩ ከታፈነ ትንሽ ማራገቢያ በስሱ ይንፈስባቸው። ማዳበሪያ ቀድመሽ ሰጥተሽ ከሆነና ነጭ ቅርፊት ካለ ብቻ፣ አንዴ በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቢው፤ የኩባያውን ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ገብቶ ከሥር ይውጣ፤ ከዚያ ይድረቅ። ከዚህ በኋላ በጠዋት እንጂ በማታ አታጠጪ።

የደረቀው ቡናማ ክፍል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ እሱን እያየሽ አትጨነቂ። የምታዪው አዲሱን ቅጠል ነው። እሱ ጥርት ብሎ ከወጣ ድነዋል። ያኔ ማዳበሪያ ካማረሽ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩቡን በጥብጠሽ ጀምሪ። አዲሱ ቅጠል ጥሩ ሆኖ የታቾቹ ብቻ እኩል መገርጣት ከቀጠሉ፣ አፈሩም ቀለል ያለ ከሆነ፣ ያኔ እውነትም ናይትሮጅን ነው፤ እኔም አልከራከርሽም።

ከዚያ ፎቶ ላኪልን። የመጀመሪያው ፎቶሽ ሐምራዊ መብራት ሥር ስለተነሳ ቢጫውን ከአረንጓዴው መለየት አልተቻለም። መብራቱን አጥፊና በቀን ብርሃን አንሺው። የላዩን፣ የቅጠሉን ጀርባና አንዱን ገልብጠሽ ሥሩን። ሥሩን ሳታሳዪን «ይህ አንሶታል» የሚልሽ ሰው ካለ ታግ አድርጊኝ፤ እኔ እመልስለታለሁ።