መልስ፦ የዘ ኦፕን ሽልማት ለምን ማንቆርቆሪያ ሆነ?

ወንድሜ፣ «የብሪታንያው የጎልፍ ውድድር ሽልማት ለምን ማንቆርቆሪያ ሆነ?» ላልከው፣ መጀመሪያ ቀበቶ ነበር። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1860 ስኮትላንድ፣ ፕረስትዊክ ላይ በ8 ተጫዋቾች ተጀመረ። ዊሊ ፓርክ አሸነፈ። ቀበቶው ቀይ ቆዳ ሆኖ የብር ማያያዣ ነበረው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ለራሱ ያስቀረዋል። ትንሹ ቶም ሞሪስ ከ1868 እስከ 1870 አከታትሎ አሸነፈና ይዞት ሄደ። ማሸነፍ ሲጀምር ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር! በ1871 ሽልማት ስላልነበረ ውድድሩም ቀረ። በ1872 ሲመለስ ያው ልጅ ደገመ። በቀበቶው ፋንታ አዲስ ሽልማት የሆነው የብር ማንቆርቆሪያ ተሠርቶ ስላልደረሰ ሜዳሊያ ሰጡት። ቢሆንም ማንቆርቆሪያው ላይ በመጀመሪያ የተቀረጸው የእሱ ስም ነው። በ24 ዓመቱ መሞቱ ሁሌም ያሳዝነኛል። በድል ብዛት የሚመራው ሃሪ ቫርደን ነው፣ 6 ጊዜ።