ብልቃጥ ላይ የሠራው በትልቁ ዕቃ ለምን እምቢ ይላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሚንና አሲድ ክሎራይድ የሚባሉ ሁለት ኬሚካሎችን በ0 ዲግሪ እያገናኘሽ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 78 ከመቶ ይልድ (ከሚጠበቀው ምርት በእጅ የገባው) ሰጠሽ። ያንኑ በ5 ሊትር ስትሠሪው 40 ከመቶ ወጣ፣ ዕቃው ውስጥ የቀረው ደግሞ የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ነው። "ሪኤጀንቱ (የገዛሁት ኬሚካል) ተበላሽቶ ይሆን?" ብለሻል፣ ከላይ የመለሱልሽም አብዛኞቹ አዲስ ግዢ ብለዋል። ገንዘብሽን ያዢ። ከሀገር ውጭ አንድ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ በፕሮሰስ ኬሚስትሪ፣ ማለትም የብልቃጥ አሠራርን ወደ ፋብሪካ መጠን በማሳደግ ሥራ፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይሄ ነገር በየዓመቱ ይገጥመኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሪኤጀንቱ ሳይሆን የሰዓቱና የሙቀቱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ይዘቱን 50 እጥፍ አሳደግሽ። የዕቃው ገጽ ግን ያደገው ወደ 14 እጥፍ ብቻ ነው፣ ሙቀት የሚወጣው ደግሞ በገጹ በኩል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ማቀዝቀዣ ከሩብ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ትንሹ ላይ በ10 ደቂቃ ጠብ አድርገሽ የጨረስሽው አሲድ ክሎራይድ ትልቁ ላይ 2 ሰዓት ፈጅቷል። በእነዚያ 2 ሰዓታት ቀድሞ የተሠራው ምርትሽ ከየአዲሱ ጠብታ ጋር ተፋጦ ነው የዋለው፣ ሁለተኛ አሲል (ከአሲድ ክሎራይዱ የሚመጣው ቁራጭ) ቢጨምር ምን ይገርማል? የድግስ ወጥ የሠራ ሰው ይሄን ያውቃል። ትንሽ ድስት ላይ ቶሎ የሚቁላላው ሽንኩርት ትልቁ ድስት ውስጥ ውሃውን አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? 5 ሊትሩን አትድገሚው። ወደ ትንሹ ብልቃጥ ተመለሺና ሆን ብለሽ አበላሺው። እኛ ፋብሪካ ከመግባታችን በፊት የምንሠራው ይሄንኑ ነው፣ ትንሹን ዕቃ እንደ ትልቁ ቀርፋፋ እናደርገዋለን። ሦስት ብልቃጥ አዘጋጂ። አንደኛውን እንደ ልማድሽ ሥሪው። ሁለተኛው ላይ አሲድ ክሎራይዱን በ3 ሰዓት ጨምሪ። ሦስተኛውን በ10 ደቂቃ ጨምረሽ ውሃ ሳታስገቢ እስከ ጠዋት ተይው። በየሰዓቱ ናሙና እየወሰድሽ ኤችፒኤልሲ (ውህዱ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ እዪው። ሁለተኛው ከተበላሸ ችግሩ የአጨማመሩ ፍጥነት ነው። ሦስተኛው ከተበላሸ ምርቱ እዚያ ውህድ ውስጥ መቆየት አይችልም ማለት ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ማማሰሉን ጠርጥሪ። ቴትራሃይድሮፉራን በሚባለው ሶልቨንት (ማሟሟያ) ውስጥ የትራይኤቲልአሚን፣ የሚወጣውን አሲድ የሚይዘው ኬሚካል፣ ጨው ይዘቅጣል፣ 5 ሊትር ውስጥ ያቺ የምታማስል ትንሽ ማግኔት ጨው ውስጥ ተቀርቅራ ቆማለች። ከላይ በሞተር የሚሽከረከር ባለ መቅዘፊያ ማማሰያ ያስፈልግሻል።

እኔም ተምሬው ሳይሆን ተመትቼ ነው ያወቅኩት። መጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ መካከለኛ ውህድ ነበረኝ። ብልቃጥ ላይ ሶልቨንቱን ሮታቫፕ (ብልቃጡን እያሽከረከረ የሚያተንን መሣሪያ) ላይ እስኪደርቅ አተንነው ነበር፣ 20 ደቂቃ፣ የሚያምር ነጭ ዱቄት። በአሠራር ወረቀቱም ላይ "እስኪደርቅ አትንን" ብዬ ጻፍኩ። ሪአክተሩ (የፋብሪካው ትልቅ ዕቃ) ላይ ማትነኑ 14 ሰዓት ፈጀ። ጠዋት ስገባ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነበር። ኦፕሬተሩ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወረቀቱን አይተው "ልጄ፣ እዚህ ቤት የሚደርቅ ነገር የለም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሁሉም ቢተን ማማሰያው የሚይዘው ነገር አይኖርም። ከዚያ በኋላ ዘዴውን ቀየርን። የመጀመሪያው ሶልቨንት ግፊት ቀንሰን ሲወጣ አይሶፕሮፓኖል እየተካንን፣ መጨረሻ ላይ አቀዝቅዘን ከበፊቱ ምርት ትንሽ ክሪስታል እንደ እርሾ ጣል እናደርጋለን። ተጣርቶ አለቀ።

"ኮለም (ውህዱን ሲሊካ በተሞላ ቱቦ አሳልፎ ማጥራት) በትልቁ ይሠራል ወይ?" ላልሽው፣ ሲሠራ አይቻለሁ፣ ግን ሌላ መንገድ ሁሉ ሲጠፋ ነው። ሲሊካው፣ የሶልቨንቱ መዓት፣ ቆሻሻውን ማስወገጃው ያሳብዳል። ቀድመሽ ክሪስታል ፈልጊ።

ሶልቨንት መቀየር ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ካላመንሽኝ የፋይዘርን ሰርትራሊን እዪ፣ ዞሎፍት የሚባለውን የድብርት መድኃኒት። በድሮው አሠራር ኬቶን የሚባለውን መነሻ ውህድ ከሜቲልአሚን ጋር ሲያገናኙ የሚወጣውን ውሃ እንዲውጥላቸው ቲታኒየም ቴትራክሎራይድ ይጨምሩ ነበር፣ በዓመት 140 ቶን። ሶልቨንቱም አራት ዓይነት ነበር፦ ዲክሎሮሜቴን፣ ቶሉይን፣ ቴትራሃይድሮፉራን፣ ሄክሴን። በኋላ ኤታኖል ብቻ ተጠቀሙ። ከሁለቱ የሚሠራው ኢሚን ኤታኖል ውስጥ ብዙም ስለማይሟሟ እንደተሠራ ክሪስታል ሆኖ ይወርዳል፣ ሲወርድ ደግሞ ሪአክሽኑን ወደፊት ይስበዋል። ቲታኒየሙ አላስፈለገም። ሦስት ደረጃ አንድ ሆነ፣ ጠቅላላ ይልዱ እጥፍ ሆነ፣ በ2002 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት ወሰዱ። ለእኔ የዚህ ሙያ ቁንጮ እሱ ነው። የኢቡፕሮፌን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ 6 ደረጃ የነበረው በ1992 ቴክሳስ ቢሾፕ በተከፈተው ፋብሪካ 3 ሆነ። እሱም ጎበዝ ሥራ ነው፣ ግን በሰርትራሊኑ ቀላልነት እቀናለሁ።

ሙያ ልቀይር ወይ ላልሽው ደግሞ፣ በአንድ 5 ሊትር? ተይ እንጂ።

ብቻ ከሦስቱ ብልቃጥ በፊት አንድ ነገር አስተካክይልኝ። የለጠፍሽውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቴርሞሜትሩ በረዶው ውስጥ ነው የቆመው። "0 ዲግሪ" ያልሽው በረዶውን ነው፣ ውህዱ ስንት እንደደረሰ ማንም አላየም። አውጥተሽ ውህዱ ውስጥ ክተቺውና የሚያሳየውን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ።