መልስ፦ ከብርሃን የፈጠነ የሚመስለው ጄት እውነተኛ ፍጥነቱ በምን ይታወቃል?

ጤና ይስጥልኝ። «ከጋላክሲ እምብርት የሚወነጨፍ ጄት ከብርሃን ሰባት እጥፍ ፈጥኖ ከታየን፣ እውነተኛ ጠባዩን እንዴት እናውቃለን?» ብለው ጠይቀዋል። ጄት ማለት ከጋላክሲው መሃል የሚወጣ ቀጭን የቁስ ፍሰት ነው፤ ይህ ቁስ ወደ እኛ ሲገሰግስ የላከውን ብርሃን ራሱ ሊደርስበት ጥቂት ስለሚቀረው፣ በብዙ ዓመት የሄደው መንገድ ለእኛ በጥቂት ዓመት ያለቀ ይመስለናል፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ማርቲን ሪስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1966 አስቀድሞ በስሌት አሳይቷል።

ወረቀት ይዘው ይሞክሩት። ፍጥነቱ የብርሃንን 0.99 ከሆነ የሎሬንትዝ ቁጥሩ (ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ እያደገ የሚሄደው መለኪያ) 7.1 ገደማ ነው፤ ጄቱ ከእይታ መስመራችን 8 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል የሚታየው ፍጥነት 7 እጥፍ ይሆናል፣ የዶፕለር ቁጥሩም (ወደ እኛ በመገስገሱ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚጠናከር የሚለካው) እንዲሁ 7 ገደማ ነው። ድምቀቱ በግምት በዚህ ቁጥር ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ከ300 እጥፍ በላይ ጎልቶ እናየዋለን። ይሁን እንጂ ከዚህ የፈጠነ ጄት በሌላ ዘንበል ያንኑ 7 እጥፍ ሊያሳይ ስለሚችል፣ 7.1 የሎሬንትዝ ቁጥሩ ዝቅተኛ ወሰን እንጂ የመጨረሻው መልስ አይደለም። ኤም 87 በተባለው ጋላክሲ ጄት ላይ በሀብል ቴሌስኮፕ የታየው 6 እጥፍ ፍጥነትም እንዲሁ ዘንበሉ ከ19 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያስገድዳል።

አብዝቼ የማሳስበው ግን የናሙናውን አድልዎ ነው፤ ወደ እኛ የዞሩ ጄቶች ደምቀው ስለሚታዩ ከድርሻቸው በላይ ይቆጠራሉ። እዚህ ጅማ፣ በአጋሮ መንገድ ዳር ማታ ቆሞ መኪናን ከሩቅ በመብራቱ የሚቆጥር ሰው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞሩትን አብዝቶ ይቆጥራል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው የፍጥነትና የድምቀት ስርጭት ገምቶ በየአቅጣጫው ብዙ ሺህ ጄቶችን በኮምፒውተር ይፈጥራል፤ ከቴሌስኮፑ የድምቀት ገደብ በላይ የሆኑትን ብቻ ለይቶ ከታዩት ጋር ያነጻጽራል፣ እስኪስማሙም ግምቱን ያስተካክላል።